ግቢ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ የናፍጣ ታንከር (ደብረ ብርሃን)፦ ይውጣ ወይስ ባለበት ይሞላ?

ጠባሴ_ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ለቤት መሠረት እያስቆፈርን ሳለ የተቀበረ የብረት ታንከር ወጣብን። ቦታው ቀደም ሲል በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮው ወደ መብራት ሲዞር ታንከሩ እንዳለ ተረስቶ ቀርቷል፤ የሸጠልን ሰውም ስለሱ ያነሣልን ነገር የለም።

እስካሁን የለካነውን ልጻፍ። የታንከሩ ጀርባ ከመሬት በታች 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ይገኛል። ባለ 4 ኢንች መሙያ አፍ፣ ግድግዳ ተጠግቶ የሚወጣ ባለ 2 ኢንች መተንፈሻ፣ ወደ ድሮው ሞተር ቤት የሚሄድ ቀጭን ቧንቧ አለው። በመሙያው አፍ ደረቅ እንጨት ስናስገባ ከወለሉ እስከ ጣሪያው 160 ሳንቲ ሜትር፣ የፈሳሹ ከፍታ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ማደያ ውስጥ የሚሠራ ጎረቤት የውሃ መፈለጊያ ቅባት ሰጥቶን ስንቀባው ከታች 4 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀለሙን ለወጠ። አፈሩን በፌሮ እየወጋን ርዝመቱን ስንገምት 3 ሜትር ገደማ ነው። ከታንከሩ 14 ሜትር ቁልቁል የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አለ፤ እነሱ ከጉድጓዱ ይጠጣሉ።

አንድ ብረታ ብረት ገዢ "በኦክስጅን ቆራርጬ በነፃ ላውጣላችሁ" ብሎናል። ግንበኛችን ደግሞ ላዩ ላይ ኮንክሪት ሙሉበትና እርሱት ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ሁሉ ስለ አሜሪካና አውሮፓ የቤት ማሞቂያ ዘይት ታንከር ነው። ያ ለኛ ይሠራል? ማውጣት ይሻላል ወይስ መሙላት? ናፍጣውንስ ምን እናድርገው?

የማደያ_ቴክኒሻን

ቆራጩን ዛሬውኑ አስቁሙት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ታንከር ይበልጥ የሚያሰጋው ሙሉ ሲሆን ሳይሆን ባዶ ሲሆን ነው። ናፍጣ በፈሳሽነቱ አይፈነዳም፤ የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለ ትነቱ ነው። ቆራጩ ነበልባሉን ላሜራው ላይ ሲያሳርፍ ከውስጥ በዝገቱ ሥር የተጣበቀው ቅሪት ይፈላና ይተናል። ከአየሩ 0.6 በመቶ ያህሉ የናፍጣ ትነት ከሆነ ይቀጣጠላል። እናንተ በሰጣችሁት ልክ 6,000 ሊትር ገደማ በሚይዝ ታንከር ውስጥ እዚህ ለመድረስ አንድ ብርጭቆ ናፍጣ መትነኑ በቂ ነው። ታጥቦ የደረቀ የሚመስል ታንከር እንኳ ይህን ያህል በዝገቱ ውስጥ ሊደብቅ ይችላል።

በደጋ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 72 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። በመለኪያው ደንብ ከ101.3 ለሚጎድለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ፓስካል የመቀጣጠያው ሙቀት (ትነቱ በብልጭታ ለመያያዝ የሚበቃበት) በሩብ ዲግሪ ይወርዳል። ባሕር ወለል ላይ ተለክቶ 60 ዲግሪ የተባለ ናፍጣ እዚህ ወደ 53 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። የአገሩ ብርድ ያድነናል የሚል ሰው አትስሙ፤ የቆራጩ ነበልባል ወደ 3,000 ዲግሪ የሚጠጋ ነው። ታንከሩ አንድ ጊዜ እንኳ ቤንዚን ይዞ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ እንደ ቤንዚን ቁጠሩት፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል።

ኢንተርኔት ላይ ስላገኛችሁት መረጃ፦ የአሜሪካና የአውሮፓ የቤት ማሞቂያ ዘይት ከናፍጣ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ማውጣት፣ ስለ ማጽዳትና ስለ መሙላት የሚሉት ለእናንተም ይሠራል። የማይሠራው ፈቃድ ላለው ባለሙያ ደውሉ የሚለውና ስለ መድን የሚያወራው ክፍል ነው። አፈራችሁም ከእነሱ አፈር ይለያል፤ ያንን የአፈር ሰዎች ይመልሱ።

በውስጡ ስንት አለ? ብዙ ሰው 20ን ለ160 አካፍሎ "አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 750 ሊትር" ይላል። የተጋደመ ክብ ታንከር ወለሉ ጠባብ ስለሆነ ስሌቱ እንደዚያ አይሄድም። ውስጡ 1.6 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ማለት 435 ሊትር ነው። 4 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ 40 ሊትር ገደማ ነው። ለማነጻጸር፣ 10 ሳንቲ ሜትር 157 ሊትር፣ 40 ሳንቲ ሜትር 1,180 ሊትር ይሆናል። በርሜል ከመከራየታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

አቀዳዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሞተር ቤት ድረስ የሚሄደውን ቀጭን ቧንቧ ጫፉን ፈታችሁ በውስጡ ያለውን ወደ ታንከሩ መልሱት፤ ሳይፈስ ከተቆፈረ አፈሩ ላይ ይደፋል። ቀጥሎ በእጅ የሚዞር የበርሜል ፓምፕ ተጠቀሙ። በቤንዚን ሞተር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ወደ አፉ አታስጠጉ፤ ብልጭታውም ትኩስ ጭስ ማውጫውም እሳት ነው። የመሳቢያውን ጫፍ ከወለሉ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩትና ናፍጣውን ብቻ ቅዱ። ውሃውና አተላው ኋላ ለብቻው ምልክት ባለው በርሜል ይውጣ። ታንከሩን፣ ፓምፑንና የብረት በርሜሉን በመዳብ ሽቦ እርስ በርስ አገናኙ፤ ሽቦው ቀለምና ዝገት በተፋቀበት ቦታ መያዝ አለበት። ወደ ፕላስቲክ ጄሪካን አትቅዱ፤ ፕላስቲኩ የሚያጠራቅመው ኤሌክትሪክ በሽቦ አይወርድም። ስልክና ሲጋራ ከአጥር ውጭ ይቆዩ።

የወጣው ናፍጣ በርሜል ውስጥ 2 ቀን ይርጋ፤ ውሃና ቆሻሻው ይዘቅጣል። ከላይ ያለው ጥርት ያለ ከሆነ ውሃ በሚለይ ማጣሪያ አሳልፋችሁ ለአሮጌ የወፍጮ ሞተር ወይም ለትራክተር ከአዲስ ጋር ቀላቅላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ጠቁሮ የኮመጠጠ ሽታ ካለው ወይም ጭቃ የሚመስል ነገር ከያዘ በውሃና በናፍጣው ድንበር ላይ ተህዋስያን ተራብተውበታል፤ እንደ ቆሻሻ ቁጠሩት። አዲስ መኪና ውስጥ በጭራሽ አታስገቡት፤ ኢንጀክተሩን ይበላዋል። መሸጥም አይታሰብ።

ፈሳሹ ሲወጣ አየር ማስገባት ይጀመራል። ማራገቢያው ከጉድጓዱ ርቆ ንጹህ አየር የሚስብበት ቦታ ይቀመጥ። ቱቦው በመሙያው አፍ ገብቶ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ነው የሚተኛው፤ ከላይ ማናፈስ ምንም አይፈይድም። የሚወጣው አየር በመተንፈሻው ቧንቧ ከመሬት ቢያንስ 3.5 ሜትር ከፍ ብሎ ይውጣ፤ ካልሆነ ተመልሶ ቁፋሮው ውስጥ ይተኛል።

ከዚያ በጋዝ መለኪያ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካ። የሚቀጣጠል ጋዝ ከዝቅተኛው መቀጣጠያ መጠን (ለናፍጣ 0.6 በመቶ ካልኩት) ከ10 በመቶ በታች፣ ኦክስጅን 19.5 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። መለኪያው አዲስ አበባ ተስተካክሎ ከመጣ ደብረ ብርሃን ሲደርስ በንጹህ አየር እንደገና ይስተካከል። በደረቅ በረዶ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ታንከር ላይ ደግሞ ብዙዎቹ የጋዝ መለኪያዎች ይዋሻሉ፤ ዳሳሹ ለመሥራት ኦክስጅን ይፈልጋልና ትነት ሞልቶ እያለ ዜሮ ያሳያል። እሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ወደ ታንከሩ ውስጥ መልቀቅም ክልክል ነው። የሚወጣው ጋዝ በረዶ እየሆነ ሲረጭ ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና ራሱ ያቀጣጥላል።

ሰው ወደ ውስጥ አይግባ። የዚህ ከፍታ አየር በ20.9 በመቶ ኦክስጅኑም ቢሆን ለሳንባ የሚሰጠው በባሕር ወለል 15 በመቶ ያህል ካለው አየር ጋር እኩል ነው። ታንከር ውስጥ ትንሽ ሲቀንስ ሰውየው ደከመኝ ሳይል ይወድቃል። እሱን ለማውጣት ዘሎ የሚገባውም አብሮት ይቀራል። አተላው ከላይ በረጅም እጀታ ባለው መፋቂያ ይሰብሰብ። 5 ሳንቲ ሜትር አተላ 56 ሊትር ያህል ስለሆነ በሰጋቱራ እየተጠጣ በባልዲ ይወጣል።

መሠረትና_ሙሌት

ግንበኛችሁ ያለውን አትቀበሉ። ቤቱ ሊቆም የታሰበው እዚያው ላይ ከሆነ ታንከሩ መውጣት አለበት። አውጥታችሁ የአፈሩን መልክ ካላያችሁ ደግሞ የጎረቤት ጉድጓድ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

መሙላት የሚመረጠው ታንከሩ በቆመ ቤት መሠረት ሥር ወይም ከጎረቤት ግድግዳ ሥር ሲሆን፣ ማውጣቱ ግድግዳ የሚጥል ሲሆን ነው። ያኔም ቢሆን ከላይ ቴክኒሻኑ የጻፈው መቅዳት፣ ማናፈስና ማጽዳት አንዱም አይቀርም። ደረቅ አሸዋ በመሙያው አፍ ማፍሰስ ዋጋ የለውም፤ አሸዋው ክምር ሠርቶ ይቆማል፣ ጫፍና ጫፉ ባዶ ይቀራል፣ ላሜራው ሲበሰብስ መሬቱ ይሰምጣል። የሚፈስ ሙሌት ነው የሚያስፈልገው። ለ1 ሜትር ኩብ 75 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ከ1.1 እስከ 1.2 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 300 ሊትር ገደማ ውሃ። ለ6 ሜትር ኩብ 9 ከረጢት ሲሚንቶና 7 ሜትር ኩብ አሸዋ መሆኑ ነው። በአንደኛው ጫፍ ይፈስሳል፤ ከሌላው ጫፍ ካለው ቀዳዳና ከመተንፈሻው ሲወጣ ሞላ ይባላል። ሲሚንቶውን አታብዙት፤ ኋላ መቆፈር ቢያስፈልግ በዶማ የሚነሣ መሆን አለበት።

ወደ ማውጣቱ ልመለስ። ጊዜው ወሳኝ ነው። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ጥቁር አፈር፣ እነዋሪና ሞረትና ጅሩ ላይ መረሬ የሚሉት ዓይነት፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የብረት ቧንቧ መገጣጠሚያ ያላቅቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያፈሰው ታንከሩ ሳይሆን ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቧንቧ ነው። እዚያ ያለውን መስመር በሙሉ ተከትላችሁ ቆፍሩ። በሌላ በኩል ክረምት ላይ የቁፋሮው ግድግዳ ይናዳል። ሥራው ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይለቅ፤ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ የካቲት ሲገባ የበልግ ዝናብ ሊጀምር ይችላል።

ሌላው በጣም የሚዘነጋ ነገር፦ ቀድታችሁ ባዶ አድርጋችሁ ክረምትን አታሳልፉት። 6,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ 6 ቶን ወደ ላይ ይገፋል። የብረቱ ክብደት በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ 750 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ላዩ ያለው አፈር ተቆፍሮ ከተነሣ የሚይዘው ነገር የለም፤ ይንሳፈፋል፣ ቧንቧውን ገንጥሎ የቀረውን አተላ ይደፋል። መቅዳትና ማውጣት በአንድ በጋ ያልቃል።

ቁፋሮው ከወለሉ 2.6 በ4.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ይሆናል። ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ያለ ድጋፍ መተው ሰው መቅበር ነው። አዘንብላችሁ 1 ለ1 (1 ሜትር ሲወርድ 1 ሜትር ወደ ጎን) ብትቆርጡት ደግሞ የሚነሣው አፈር 27 ሜትር ኩብ መሆኑ ቀርቶ 90 ይደርሳል፤ ከላይ 9 በ8 ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይበላል። ግቢው ጠባብ ከሆነ በባሕር ዛፍ ምሰሶና በጣውላ እየደገፉ መውረድ ነው ያለው። የተቆፈረው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። የጎረቤት ግድግዳ ከጥልቀቱ ባነሰ ርቀት ላይ ካለ፣ ማለትም ከ2.5 ሜትር ከቀረበ፣ በዚያ በኩል በአንድ ጊዜ ሙሉውን አትክፈቱ።

ስታነሱት በቧንቧዎቹ አትጎትቱት፤ ይነቀላሉ። ባለ 3 ቶን ቼይን ብሎክ ወይም ኤክስካቫተር በሁለት ሰፊ ቀበቶ ከሥሩ ይያዘው። ከመነሣቱ በፊት የታዩ ቀዳዳዎች በእንጨት ሽብልቅ ይደፈኑ፣ አፎቹ ይከደኑ፣ መተንፈሻው ብቻ ክፍት ይቅር።

መልሶ መሙያው ያው ጥቁር አፈር መሆን የለበትም። ሰሌክት ማቴሪያል (ውሃ ሲጠጣ የማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) በ20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በኮምፓክተር ይደልደል። ለ27 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ሲደለደል ስለሚቀንስ 34 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ 2 ጭነት ትንሽ አለፍ ያለ ይፈልጋል። የቤቱ ፉቲንግ (የመሠረቱ እግር) ግን በሙሌቱ ላይ አይረፍ፤ ግማሹ በሙሌት ግማሹ በነባር መሬት ላይ ያረፈ ቤት በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ይሰነጠቃል። ወይ ዲዛይኑን ወደ ጎን አሽሹ፣ ወይ ፉቲንጉን ከጉድጓዱ ወለል በታች ወዳለው ነባር መሬት አውርዱት። መሐንዲሱ ጉድጓዱ ክፍት እያለ ይይ፤ ከተሞላ በኋላ የሚነግራችሁ ሁሉ ግምት ነው።

ጠባሴ_ሰፈር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቆራጩን መልሰነዋል። አፈሩን በእጅ ቀስ ብለን ስንገልጥ ከመጀመሪያው 1.6 ሜትር ርቆ ሌላ ክዳን አገኘን። ስንከፍተው ፈሳሹ 55 ሳንቲ ሜትር ሆነ፣ ቅባቱ ደግሞ 18 ሳንቲ ሜትር ውሃ አሳየ። አንድ ታንከር ሆኖ እንዴት ሁለት ከፍታ ይኖረዋል? ከታች ተዘንብሎ ይሆን?

የማደያ_ቴክኒሻን

መዘንበል 35 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አያመጣም፤ ያን ያህል ቢዘነብል ጀርባውን ስትገልጡት ታዩት ነበር። ያገኛችሁት ከአሮጌ መኪና የወረደ ቦቴ ነው፤ በመሃሉ ግድግዳ አለው። ወፍጮ ቤቶች አዲስ ታንከር ከማሠራት ያገለገለ ቦቴ መቅበር ይቀናቸው ነበር።

ስለዚህ ከላይ የሰጠሁት ቁጥር ለሁለት ይከፈላል። ክፍሎቹ እኩል 1.5 ሜትር ናቸው ካልን የመጀመሪያው 217 ሊትር፣ ከዚያ ውስጥ 20 ሊትሩ ውሃ። ሁለተኛው 918 ሊትር፣ ከዚያ ውስጥ 186 ሊትሩ ውሃ። በጠቅላላው 1,135 ሊትር፤ ውሃው ለብቻው ስለሚወጣ 7 ባለ 200 ሊትር በርሜል ያዙ። ናፍጣው 930 ሊትር ገደማ ይሆናል። በሁለተኛው ክፍል የመሳቢያውን ጫፍ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር አድርጉት።

መቅዳትም ማናፈስም መለካትም ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ነው። የቦቴ ሞት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ክፍል አጽድተው ሲቆርጡ ያልተነካው ይፈነዳል። ሦስተኛ ክዳን እንዳይኖር ጀርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግለጡት። የግድግዳው ላሜራ ድርብ ከሆነም በመሃሉ ናፍጣ ይቋጥራል፤ ያንን ከላይ ማናፈስ አይደርስበትም።

የ18 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። ወይ በክዳኑ የክረምት ውሃ ገብቷል፣ ወይ ወለሉ ተበስቷል። ክዳኑን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ዝናብ ሳይኖር በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ። ውሃው ሳይዘንብ ከጨመረ ከመሬት እየገባ ነው፤ አጠቃላይ ከፍታው ከቀነሰ እየወጣ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያስደንግጣችሁ፤ 1,000 ሊትር ናፍጣ በ5 ዲግሪ ለውጥ 4 ሊትር ያህል ያብጣል ወይም ይቀንሳል።

ውሃና_አፈር

ዋናው የጎረቤት ጉድጓድ ነው፤ እስካሁን ዳር ዳሩን ነው የተነገረው። እማወራና አባወራውን ዛሬ አነጋግሩ። ውጤት እስኪታወቅ ውሃውን ለመጠጥም ለምግብም አይጠቀሙበት። ማፍላትና ክሎሪን ለጀርም እንጂ ለናፍጣ አይሆኑም፤ ማፍላቱ እንዲያውም ትነቱን ቤት ውስጥ ይበትነዋል። ጉድጓዱን ለማጠብ ብለው በሞተር ሌት ተቀን እንዳይቀዱት ንገሯቸው። ብዙ ሲቀዳ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይሳባል፤ ናፍጣውም አብሮ ይመጣል።

ናሙና የሚወሰደው በመስታወት ጠርሙስ ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ናፍጣውን ይመጠዋል። ጠርሙሱ አፉ ድረስ አየር ሳይቀርበት ይሞላ፣ ከብርሃን ይሸፈን፣ በበረዶ ሳጥን ቶሎ ወደ ቤተ ሙከራ ይሂድ። ጠቅላላ የፔትሮሊየም ሃይድሮካርቦንና ቤንዚን፣ ቶሉዊን፣ ኤቲል ቤንዚን፣ ዛይሊን የሚባሉት አራቱ እንዲለኩ ጠይቁ። እዚህ ቤንዚን የምለው ኬሚካሉን እንጂ የመኪናውን ነዳጅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ለእሱ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው።

በዓይን ለመጠርጠር አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ ሽፋን ካያችሁ በእንጨት ንኩት። እንደ ተሰበረ ሸክላ ተቆራርጦ ከቆየ የብረት ባክቴሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ተከፍሎ ወዲያው መልሶ ከተያያዘ ዘይት ነው። ለአፈሩም እንዲሁ፦ ከታንከሩ ሥር አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጥርት ባለ ጠርሙስ በውሃ አራግፉትና 10 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ሽፋን ከሠራ ተበክሏል። አፍንጫን አስጠግቶ ማሽተት አያስፈልግም።

ጥቁር አፈር ስለማያሳልፍ ተጠብቀናል ማለት አይቻልም። እርጥብ ሳለ እውነት ነው፤ በበጋ ግን ስንጥቁ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። በስንጥቁ የወረደ ናፍጣ ሥሩ ያለው የተሰነጠቀ ባዛልት ላይ ከደረሰ ቁልቁል ፈጥኖ ይሄዳል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሲከፈት ወለሉን ብቻ ሳይሆን ቁልቁል ያለውን ግድግዳ ስንጥቆቹን እየተከተላችሁ መርምሩ። ግራጫ ወይም አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ምልክት ነው። ንጹህ እስኪሆን ቁረጡት፤ ንጹሑንና የተበከለውን በተለያየ ክምር አድርጉ።

የተበከለው አፈር በከተማው ወንዝ፣ በሬሳ በሚባለው፣ ዳርም ሆነ ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ ማሳ ላይም አይበተን። አደገኛ ቆሻሻ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይገዛል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ያጽዳ ወይም ይክፈል ይላል። የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ሥራ የያዘው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይወቀው። ደብዳቤው ነገ ጎረቤት ቢከስም፣ ቀድሞ የነበረው ባለቤት ቢጠየቅም ማስረጃችሁ ነው። ጉድጓዱ፣ ታንከሩና አፈሩ ከመሸፈናቸው በፊት ቀን ያለው ፎቶ ይነሣ።

መጠኑ ትንሽ ከሆነና ጽሕፈት ቤቱ ከፈቀደ ግቢው ውስጥ ማከም ይቻላል። ወፍራም ላስቲክ አንጥፋችሁ ዙሪያውን ከፍ አድርጉ፤ አፈሩን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግታችሁ በሳምንት አንዴ ገልብጡት። ናፍጣውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይጎድላቸዋል። ለ3 ሜትር ኩብ አፈር፣ በኪሎ 5 ግራም ያህል ናፍጣ ካለበት፣ 5 ኪሎ ገደማ ዩሪያና ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ በቂ ነው፤ ዩሪያውን ለሦስት ከፍላችሁ በየወሩ ስጡት፤ በአንዴ ከበዛ ራሳቸውን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። አንድ ሁለት ባልዲ ያረጀ ፍግ ይረዳል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማይንጠባጠብ ይሁን። ከዝናብ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። የደብረ ብርሃን ሌሊት ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ስለሚሆን ሥራው በዚያ ወቅት ይጓተታል፤ ወራት የሚጠይቅ ነገር ነው።

አዲሱ ቤት የሚገባበት የውሃ መስመር በተበከለ አፈር አጠገብ አይለፍ። ናፍጣ በፕላስቲክ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ቧንቧው ሳይቀደድ ውሃው ይሸታል። መዞር ካልተቻለ በዚያ ክፍል የብረት ቧንቧ አድርጉ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ያለው ጎማም ዘይት የሚችል ይሁን።

የማደያ_ቴክኒሻን

የወጣውን ታንከር በተመለከተ አንድ ልጨምር። ብረታ ብረት ገዢው ከመውሰዱ በፊት ሁለቱም ክፍሎች ጸድተው፣ እንደገና ተለክተው፣ በየክፍሉ ላይ በመሮና በመዶሻ፣ ብረቱ በውሃ እየራሰ፣ ቢያንስ ጭንቅላት የሚያህል ቀዳዳ ይከፈት። ግራይንደር አይሆንም። ቀዳዳው ሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ትነት እንደገና አይጠራቀምም፣ ማንም ደግሞ አስበይዶ ለውሃ ማጠራቀሚያ አያደርገውም። ታጥቦ ቀለም የተቀባ የናፍጣ ታንከር ለመጠጥ ውሃ ሲያገለግል በየቦታው ይታያል፤ ከዝገቱ ውስጥ ያለው ናፍጣ ለዓመታት ይለቃል። በጎኑ ላይ "ናፍጣ ነበረበት፤ ለውሃ፣ ለእህልና ለጠላ አይሆንም" ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት።